ስታንፎርድ ስለ ማንኪያው እንደዛ አላለም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ስድስተኛው ስሜት ያወጣችሁትን፣ ማንኪያን በአእምሮ ኃይል ማጎበጥ፣ ከሞተ ሰው ጋር ማውራት፣ ነገን ማየት ይቻላል፣ በሳይንስም ተረጋግጧል የሚለውን ዘገባ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ታናሽ ወንድሜ ሳይቀር «በል እንግዲህ፣ በሳይንስ ተረጋግጧል» ብሎ ሊንኩን ላከልኝ፣ እኔ ደሞ የቱ ጋር ነው የተረጋገጠው ብዬ ስፈልግ ስፈልግ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ። «የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ኡሪ ጌለር ማንኪያን በአእምሮው ኃይል ብቻ እንደሚያጎብጥ በላቦራቶሪ አረጋግጠዋል» ትላለች። ጌለር እንዲህ ያለ ኃይል አለኝ በማለት የታወቀ እስራኤላዊ ነው። ከሷ ዓረፍተ ነገር በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የጠፋ ሰው የሚያገኙት፣ ከሞተ ሰው ጋር የሚያወሩት፣ ነገን በህልም የሚያዩት፣ ሁሉም «ያኛው ከተረጋገጠ ይሄስ ለምን አይሆንም» በሚል ነው ተራ በተራ የገባው። ዘገባውን ያቆመችው እሷ ናት። እሷ ደሞ ስህተት ናት።

ቦታው ራሱ ስህተት ነው። ጌለር የተፈተነው ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ነው፣ ተቋሙ በ1970 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከዩኒቨርሲቲው ተለይቶ ወጥቷል፣ የጌለር ፈተና የመጣው ከዛ በኋላ ነው። እሺ ይሄ ስም ያመሳሰለው ስህተት ነው ተብሎ ይታለፍ። የማላልፈው ቀጣዩን ነው። ራስል ታርግ እና ሃሮልድ ፑቶፍ የሚባሉት ተመራማሪዎች በ1974 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ጌለር ያሳተሙት ውጤት ሌላ ቦታ የተሳሉ ስዕሎችን ሳያይ መልሶ ስለመሳሉ ነው፣ የማንኪያ ውጤት የለበትም። ስለ ብረት ማጎበጡማ እዛው ጽሑፍ ላይ በግልጽ ተናግረዋል፦ ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ሲጎብጥ አይተዋል፣ ግን በቂ ቁጥጥር ባለው ሙከራ አድርገው ለመደምደም የሚያበቃ መረጃ ማግኘት አልቻሉም። ልብ በሉ፣ ይሄን የጻፉት ተጠራጣሪዎች አይደሉም፣ ለጌለር ልባቸው የተከፈተላቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ራሳቸው «አላረጋገጥንም» ያሉትን ነገር እናንተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ «አረጋገጡ» ብላችሁ ርዕስ አወጣችሁበት።

አሁን ለምን እንዲህ እንደተናደድኩ ልናገር። እኔ ሜንታሊስት ነኝ። ስራዬ መድረክ ላይ ቆሞ የሰው ሐሳብ የሚያነብ መምሰል ነው፣ ተመልካች በሆዱ የያዘውን ስም እናገራለሁ፣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ፣ ማንኪያም አጎብጣለሁ። ሁሉም ትሪክ ነው፣ በየትርዒቱ መጨረሻም እናገራለሁ። ዘጋቢያችሁ ይሄን ዘገባ ስትሰራ ደውላልኝ ነበር፣ ረጅም ሰዓት አወራን፣ ስንቱን ነገር በዝርዝር አስረዳኋት፣ ድምጼንም ቀርጻለች። ዘገባው ሲወጣ ግን እኔም የለሁም፣ የኔ ሙያ ሰዎችም የለንም። ያለነው በፎቶ ስር «ለመዝናኛ የሚያስመስሉም አሉ» በሚል አንድ መስመር ነው። ከዛ ውጭ ገጹ በሙሉ ለሁለት ወገን ነው የተሰጠው፣ ኃይሉ አለን ለሚሉት እና ለሳይንቲስቶች። ማታለልን እንደ ሙያ ተምሮ የሚኖርበት ሰው ስለ ማታለል በተጻፈ ዘገባ ላይ የሚናገረው ነገር የለውም ማለት ነው?

«በሳይንቲስቶች ፊት ስለተፈተነ ማጭበርበር አይቻልም» ትላላችሁ። እዚህ ጋር ነው ነገሩ የተገለበጠው። ፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚጠናው ነገር ተመራማሪውን ሊሸውደው አይሞክርም፣ ኤሌክትሮን ሰውየው ዞር እስኪል ጠብቆ ቦታ አይቀይርም። ሳይንቲስቱ ዕድሜውን ሙሉ የሰለጠነው ሊዋሸው ከማይችል ነገር ጋር ነው፣ ስለዚህ ፊቱ ቆሞ የሚዋሸው ሰው ሲመጣ ከማንም በላይ የተጋለጠ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ብልህ እንደሆነ ያውቃል፣ ብልህ ሰው ደሞ «እኔን ሸውዶኝማ አይደለም» ይላል። እኔ መድረክ ላይ የምፈራው ህጻናትን ነው፣ ማየት የሌለባቸውን ቦታ ያያሉ። ፕሮፌሰሮችን ፈርቼ አላውቅም።

ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም፣ ተሞክሮ ታይቷል። በ1979 አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ውስጥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ኃይል የሚያጠና ላቦራቶሪ ተቋቋመ፣ ጄምስ ማክዶኔል የሚባሉት የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ባለሀብት 500 ሺህ ዶላር ሰጡት፣ የሚመራውም ፊዚሲስት ነበር። ማጂሺያኑ ጄምስ ራንዲ ገና ከጅምሩ ደብዳቤ ጽፎ መደረግ ያለበትን ጥንቃቄ ዘርዝሮ በነጻ ላግዛችሁ አላቸው፣ አልተቀበሉትም። ስቲቭ ሾው እና ማይክል ኤድዋርድስ የሚባሉ ሁለት ወጣት ማጂሺያኖች ኃይል አለን ብለው ገቡ፣ ከራንዲ ጋር ተነጋግረው ነው። ማንኪያዎቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በክር ታስሮ ነበር፣ ልጆቹ ወረቀቱን ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀየሩት ያልተነካው ማንኪያ ጎበጠ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ስምምነታቸው ነው፣ ማንም በቀጥታ «እያጭበረበራችሁ ነው ወይ» ብሎ ከጠየቃቸው ያን ጊዜውኑ እውነቱን ተናግረው ማን እንደላካቸው ሊገልጹ ተስማምተው ነበር። የጠየቃቸው የለም። በኋላ ላቦራቶሪው የራንዲን ምክር ሰምቶ ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ ኃይሉ ጠፋ፣ በ1983 ደሞ ነገሩ በሙሉ በይፋ ተነገረ። ይሄን ታሪክ ለዘጋቢያችሁ በስልክ ነግሬያታለሁ፣ ዘገባው ላይ አንድ ቃል የለም።

«ግን ሰዎቹ በዓይናቸው አይተዋል» የሚል ክርክርም ጽፋችኋል፣ አምስት የዓይን ምስክር ደርድራችሁ። እሺ፣ ምስክሮቹ አልዋሹም፣ እኔም ውሸታም አልላቸውም። ችግሩ ያዩትን ሳይሆን ያስታወሱትን ነው የሚናገሩት። ኤስ. ጄ. ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ በ1880ዎቹ ሰው ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መናፍስት የሚጽፉ አስመስሎ ያሳይ ነበር፣ ሁሉም ትሪክ ነው፣ ከዛ ተመልካቾቹ ያዩትን እንዲጽፉለት ይጠይቃል። ከሪቻርድ ሆጅሰን ጋር ሆነው በ1887 ያሳተሙት ውጤት እስከዛሬ ለኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ነው። የተማሩ፣ የተከበሩ ሰዎች በቅንነት ጽፈው ሰጡ፣ ዋናው ስራ የተሰራባትን ቅጽበት ግን ወይ ዘለሏት፣ ወይ ቅደም ተከተሏን ቀየሯት፣ ሰሌዳው ከዓይኑ ርቆ እያለ እንኳን አልራቀም ብሎ የጻፈ ነበረ። እኔም በየትርዒቱ የማየው ይሄንኑ ነው። ፖስታውን ነክቼው አስቀምጬዋለሁ፣ ሰውየው ወጥቶ ለጓደኛው ሲያወራ «ፖስታውን ጭራሽ አልነካውም» ይላል፣ ከጎኑ ቆሜ እየሰማሁት። ተመልካች ትሪኩ ተጀመረ ብሎ ማየት ሲጀምር እኮ የኔ ስራ ካለቀ ቆይቷል፣ እና ያላየውን እንዴት አርጎ ይመሰክር?

የባህሪ ንባቡንም እንደ ማስረጃ ነው ያቀረባችሁት፣ ያቺ ሴትዮ ስለ ባህሪ አንባቢዋ «ስለኔ ማንም የማያውቀውን ነገረችኝ» ያለችውን። በርትራም ፎረር የሚባል የሳይኮሎጂ መምህር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የእያንዳንዳችሁ ባህሪ ነው ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው፣ ከአምስት ስንት ይገልጻችኋል ሲላቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነበር፣ አብዛኛውንም ያገኘው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ፊትህን እያየ፣ ስትነቃነቅ እየቀጠለ፣ ስትቀዘቅዝ እየተወው ሲናገር ደሞ ምን ያህል እንደሚጠጋ አስቡት። እኛ ኮልድ ሪዲንግ እንለዋለን፣ ሰውየው ራሱ ነው መልሱን የሚሰጥህ፣ የሳትከውን ይረሳል፣ ያገኘኸውን ይዞ ይሄዳል።

ፍትሐዊ ልሁን። ዘገባችሁ ላይ ተቃራኒ ሆነው የቀረቡት ሰውዬ «ሳይንስ እንደሌለ አረጋግጧል» ሲሉም አልተስማማሁም። የለም ብሎ ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው፣ እስካሁን ትሪክ በማይገባበት ሁኔታ ያሳየ ሰው የለም ማለት ሌላ ነው፣ እኔ የምለው ሁለተኛውን ነው። ሁሉም አጭበርባሪ ነው ብዬም አላምንም፣ ከልባቸው ኃይል አለን ብለው የሚያምኑ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ እነሱን መሳደብ ምንም አይጠቅምም። ሳይኮሎጂስቱ ዳሪል ቤም ሰው ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ ይሰማዋል ወይ ብሎ የሠራውን የ2011 ጥናት መጥቀሳችሁም ልክ ነው፣ ከሺህ በላይ ሰው የተሳተፈባቸው ዘጠኝ ሙከራዎች ናቸው፣ በአንደኛው ሰዎች እንዲሁ በመገመት ብቻ 50 በመቶ ማግኘት ሲገባቸው 53.1 አገኙ። ግን በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ከ3 ሺህ በላይ ሰው ላይ ደግመው ምንም እንዳላገኙ የት ጠፋባችሁ? የመጀመሪያውን አውጥቶ ሁለተኛውን መተው ዘገባ አይባልም።

«ማንም ሊፈትነን አልፈለገም» የሚለውንም ዝም ብላችሁ ነው ያተማችሁት፣ አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቃችሁም። ራንዲ በ1964 ከራሱ ኪስ አንድ ሺህ ዶላር ብሎ የጀመረው ሽልማት በኋላ አንድ ሚሊዮን ዶላር ደርሶ እስከ 2015 ቆይቷል። ከሺህ በላይ ሰው አመለከተ። የፈተናው ሁኔታ አስቀድሞ ከተፈታኙ ጋር ስምምነት ተደርጎበት ነበር የሚካሄደው፣ የመጀመሪያ ደረጃውን ማጣሪያ እንኳን ያለፈ የለም። ጌለር ራሱ በ1973 የጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ ቀርቦ ነበር፣ ካርሰን በወጣትነቱ ማጂክ ይሰራ ስለነበር ራንዲን አማከረ፣ ዕቃዎቹን የትርዒቱ ሰዎች ራሳቸው አዘጋጁ፣ ጌለር አስቀድሞ እንዳይነካቸው ተደረገ። ብዙ ደቂቃ አለፈ፣ ምንም አልሆነም፣ ዛሬ ጥንካሬ አይሰማኝም አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ፊዚሲስቶች የደነቃቸውን ነገር አንድ የቴሌቪዥን አዝናኝ ዕቃውን በመደበቅ ብቻ አስቆመው።

ይሄ የኔ የሙያ ክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይሄን ያህል አልጽፍም ነበር። ዘገባችሁ ከወጣ በኋላ አንዲት እናት ከትርዒቴ ማብቂያ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ልጃቸው ሞቷል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ አሉኝ። እማማ፣ እኔ እንደዛ አይነት ነገር አልችልም፣ ያዩት ሁሉ ትሪክ ነው ብዬ ነገርኳቸው፣ በምትችለው ሁሉ ብለው ለመኑኝ፣ ትሪክ መሆኑን ላሳይዎት ስላቸው «እንዳትደብቀኝ፣ ጋዜጣው በሳይንስ ተረጋግጧል ብሏል» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እሳቸው ከኔ ሄደው ነገ «አዎ እችላለሁ፣ ልጅዎ ፊቴ ቆሟል» የሚላቸውን ሰው ያገኛሉ፣ እሱ ደሞ ክፍያ አለው። ያንን በር የከፈተው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ክፋቱ ገንዘብ ላይ ብቻ አይቆምም። በ2004 ሲልቪያ ብራውን የተባለችው ታዋቂ ሳይኪክ፣ የተሰወረውን አያለሁ የምትል፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርባ ሴት ልጇ የጠፋችባትን እናት ልጅሽ ሞታለች አለቻት። እናትየዋ በ2006 ያንን እንደያዘች ሞተች። ልጅቷ በ2013 ታግታ ከቆየችበት ቤት በህይወት ወጣች። ዘገባችሁ «ቢያንስ ለሐዘንተኛ መጽናኛ ይሆናል» ይላል። የዚች እናት መጽናኛ ምን ነበር?

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ኃይሉን ለሚያሳይ ሰው ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር፣ ማጂሺያኑ ሃሪ ሁዲኒም የኮሚቴው አባል ነበር፣ ግን በ1924 ቦስተን ውስጥ «ማርጀሪ» በሚል ስም የምትታወቀውን፣ ከመናፍስት ጋር እገናኛለሁ የምትለውን ሴት ሲፈትኑ ሳይጠሩት ብዙ ጊዜ ተሰብስበው ነበር፣ መጽሔቱም ለሷ ያደላ ጽሑፍ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ሲሰማ ተናዶ ሄደ፣ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ፣ እንዴት እንደምትሰራው አይቻለሁ አለ፣ ሽልማቱም አልተሰጣትም። መቶ ዓመት አለፈው፣ አሁንም ያው ነው የሚደረገው፣ ሙያተኛው ስሙ ይያዛል፣ ዋናው ስራ ሲሰራ ግን አይጠራም።

ስለዚህ እርማት እጠይቃለሁ፣ ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው የወጣበት ቦታ ላይ። ጌለር የተፈተነው ከዩኒቨርሲቲው በተለየ ተቋም መሆኑ፣ ተመራማሪዎቹም የማንኪያውን ነገር በቁጥጥር ማረጋገጥ እንዳልቻሉ ራሳቸው እንደጻፉ ይውጣ፣ ርዕሱ ላይ ያለው «ተረጋገጠ»ም ይነሳ። ቀሪውን ለመጻፍ ዘጋቢያችሁ መልሳ መደወል እንኳን አያስፈልጋትም፣ የነገርኳት ሁሉ የቀረጸችው ድምጽ ላይ አለ።

አንድ ሜንታሊስት