የምትጮኸውን ካሜራ ነቀልኳት፣ የኋላዋን ግን አልነካም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

አሮጌ መኪና ላይ ስለሚገጠሙ ካሜራዎችና ሴንሰሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጋራዥ ወረፋ ስጠብቅ አነበብኩት። ጽሑፉ መጥፎ አይደለም። ግን የጻፈው ሰው ዕቃውን ገጥሞ የነዳበት አልመሰለኝም። እኔ ገጥሜ ነድቼበታለሁ፤ አንዱን ነቅዬዋለሁ፣ ሌላውን ደግሞ ማንም ቢለምነኝ አላወልቀውም። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ውሎዬ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ ነው። ቪትዟ በዕድሜ ገፍታለች፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ይዛው የመጣችው አጋዥ ቢኖር ስፖኪዮ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ እያየን ነው። አንድ ጓደኛዬ የገዛት መኪና መስመር ስትለቅ መሪውን ታንቀጠቅጣለች፣ ፊቷ ሰው ካየች ራሷ ፍሬን ትይዛለች፣ በዚያ ላይ በቻይንኛ ትቆጣዋለች። ምን እንደምትለው ባያውቅም መቆጣቷ ይገባዋል። ቅናት በሉት ሌላ፣ እኔም ለቪትዟ አንድ ነገር ላድርግላት ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ከፊት መስታወት ላይ የምትለጠፈውን ካሜራ ነው። ሻጩ «መኪናህ በራሷ ታያለች፣ አውቶፓይለት በላት» አለኝ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ይቺ ካሜራ ከመሪውም ከፍሬኑም ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ታያለች፣ ትጮኻለች፣ በቃ። ከፊትህ ያለው መኪና በምስሏ ላይ በምን ፍጥነት እየተለቀ እንደሚመጣ አይታ ልትገጨው ስንት ሰከንድ እንደቀረህ ታሰላለች፤ ሰከንዱ ካነሰባት ጢጥ ጢጥ ትላለች። ፍሬን የምትረግጠው አንተ ነህ። ይህን ሥራ ደግሞ በደንብ እንድትሠራ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንደተለጠፈች፣ አድማሱ በምስሏ ላይ የት ጋ እንደሆነ ሊነገራት ይገባል። የገጠመልኝ ልጅ ግን ሜኑው በቻይንኛ ስለነበር «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እያለ ነካክቶ ጨረሰው።

ውጤቱን ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ስወርድ አየሁት። ያ ቁልቁለት ለማንም ካሜራ ፈተና ነው፤ ያልተስተካከለች ካሜራማ አበደች። አክስቴን ጭኛለሁ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አሉ።

«እትዬ፣ መኪና ቀረብክ እያለኝ ነው።»

«ታዲያ ቀርበሃል?»

«ኧረ አልቀረብኩም።»

«እንግዲያው ዝም አስብለው በላ! ራሴን አመመኝ።»

እሑድ ጠዋት ሜትር ይዤ ደልዳላ ቦታ ላይ ራሴ አስተካከልኳት። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሻላት፣ እውነቱን ለመናገር። ግን የመሐል ከተማ ነገር በሜትር አይስተካከልም። ካሜራዋ «ከፊትህ ካለው መኪና ሁለት ሰከንድ ያህል ራቅ» ትላለች። ትክክል ናት፣ መንጃ ፈቃድ ስናወጣም ርቀት ጠብቁ ተብለናል። ሜክሲኮ ላይ ሁለት ሰከንድ ክፍት ቦታ ብትተው ግን ሁለት ሚኒባስ ይገባበታል፣ ረዳቱም በመስኮት እጁን አውጥቶ አመስግኖህ ያልፋል። ሚኒባስ በገባ ቁጥር ጢጥ። እኔ እኮ እያየሁት ነው! ሚኒባሱን ማንም ሳይነግረኝ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ ገና ከሐሳቡ ነው የማውቀው። የመስመር ማስጠንቀቂያ የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው ፍጥነቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልደረሰ አይነሳም፤ ፒያሳና ሜክሲኮ መሐል 60 የምነዳው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ድምፁን ዘጋሁት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል። ድምፅ የሌላት አስጠንቃቂ እንግዲህ መስታወት ላይ የተለጠፈች ጌጥ ናት፣ ያውም እይታ የምትጋርድ። ነቀልኳት።

አሁን ስለ ኋላዋ ካሜራ ላውራ።

ሁላችንም ያደግንበት ሴንሰር የፓርኪንግ ልጅ ነው። «ና፣ ና፣ ና… መሪውን ስበረው… ና፣ ትንሽ… ይበቃል!» ብሎ በመዳፉ የኋላ ኮፈኑን ጧ ያደርገዋል። ያቺ ጧ ስትሰማ እግርህ ሳታዘው ፍሬን ላይ ነው። ልጁ ከእኔ የተሻለ ሾፌር ሆኖ አይደለም፤ ምናልባት መንዳትም አይችልም። ግን እኔ የማላየው ቦታ ላይ ቆሞ ያያል። የእነዚህ ዕቃዎች ነገር በሙሉ ለእኔ የሚለካው በዚች መዳፍ ነው። ዓይኔ የማይደርስበትን የሚያሳየኝ ዕቃ ገንዘቤን ይብላ። ዓይኔ ያየውን መልሶ የሚጮኽብኝ ይቅርብኝ።

ከኋላ መስታወት በታች ያለው ቦታ ደግሞ የማንም ዓይን አይደርስበትም። የሁለት ዓመት ልጅ እዚያ ቢቆም ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰውም አያየውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ አዲስ መኪና ያለ ኋላ ካሜራ እንዳይመረት ያስገደደችው ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፣ ግቢያቸው ውስጥ ወደ ኋላ በሚመጣ መኪና የሚረገጡ ሕፃናት። የእኛ ግቢ ደግሞ ከእነሱ የሚጠብ እንጂ የሚሰፋ አይደለም፤ በአንድ በር አምስት ቤተሰብ ይወጣል ይገባል፣ ልጆቹ መኪናው ሥር ኳስ ይፈልጋሉ።

ይቺን ካሜራ የገጠመልኝ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ኃይሏን የሳበው ከኋላ ማርሽ መብራት ነው፤ ማርሹ ሲገባ ትበራለች፣ ሲወጣ ትጠፋለች። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረገ። ቢጫ ጀሪካን ከመኪናዋ ኋላ ግማሽ ሜትር ላይ አቆመና ወንበሬ ላይ አስቀምጦኝ «ቀዩ መስመር የት ጋ ነው?» አለኝ። ቀዩ መስመር ጀሪካኑን አልፎ ሄዷል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ከዕቃው ጋር ተስሎ የመጣ ነው፣ የቪትዝ ቁመት ይኑረው የጭነት መኪና ማንም አያውቅም። የካሜራዋን አንገት ጎንበስ እያደረገ፣ ጀሪካኑን አንዴ ግማሽ ሜትር አንዴ አንድ ሜትር ላይ እያቆመ፣ መስመሩ ልክ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ፈጀ። ተጨማሪ ብር አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ሰጠሁት።

ፓራውልት በስተው የሚያስገቧቸውን አራት የድምፅ ሴንሰሮችም ገጥሜያለሁ። ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን አትመኑባቸው። ድምፅ ልከው ሲመለስ በመስማት ነው የሚሠሩት፤ ቀጭን ብረት ላይ ድምፁ ያልፋል፣ ዝቅ ያለ ጠርዝ አያገኙም፣ ወፍራም ለስላሳ ልብስ ደግሞ ድምፁን ይውጠዋል። ጋቢ የደረበ አዛውንት ከኋላህ ቢቆሙ ሴንሰሩ ዘግይቶ ሊነግርህ ይችላል፣ ወይም ጨርሶ ላይነግርህ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ያሉት ቀጫጭን ምሰሶዎችም እንደዚያው፤ የፓራውልቴ ግራ ጥግ ይመስክር። ስፖኪዮ ላይ መብራት የሚያበራው የጎን ራዳር የሚባለውስ? የዴሊቨሪ ሞተር በጎን ሽው ሲል ይጠቅማል፣ የሚደበቀው ግን ከፓራውልቱ ጀርባ ነው፣ ራዳርን ደግሞ ፕላስቲክ እንጂ ብረት አያሳልፈውም። የብረት ፓራውልት ያላቸው አሮጌ ዲኤክሶች አይድከሙ። ተገጭቶ ስቱኮ የተደረደረበት ፓራውልትም ካላችሁ መጀመሪያ ባለሙያ ጠይቁ።

ጽሑፋችሁ «ተራ መኪናን በራሱ የሚያስነዳ መሣሪያም ተሠርቷል» ይላል። ተሠርቷል፣ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለ ኮማ ከሆነ የምታወሩት፣ በልጅነቱ የአይፎንን የኔትወርክ ቁልፍ ሰብሮ የከፈተው ጆርጅ ሆትዝ ያቋቋመው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያ ዕቃውን ሊሸጥ ሲል የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የጥያቄ ደብዳቤ ላከለት፤ ሰውየው ተናዶ ሽያጩን ሰረዘና ሶፍትዌሩን ለማንም በነፃ ለቀቀው። ዛሬ የሚሸጡት መሣሪያ ግን መሪ የሚያዞርበት የራሱ ሞተር የለውም። ፋብሪካው አስቀድሞ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መሪና ራሱን የሚያስተካክል የፍጥነት መቆጣጠሪያ የገጠመለትን መኪና ነው የሚያዘው። ቪትዜ የምትታዘዝበት ነገር የላትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሾፌሩን ፊት የሚያይ ካሜራ አለው፣ ዓይንህን ከመንገድ ካነሳህ ይጮኽብሃል። እነሱ ራሳቸው ሾፌሩን ነቅተህ ጠብቅ እያሉት፣ እኛ ጋ ከመስታወት የሚለጠፍ ጢጥ ባይ «አውቶፓይለት» ተብሎ ይሸጣል።

ግን እኔን ያስጻፈኝ ቪትዜ ብቻ አይደለችም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው የሚበዛው እግረኛ ነው። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» የሚላቸውን ገልባጮች አስቡ። ሾፌሩ ሰማይ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ያውም በግራ። ቀኝ በሩ ሥር የቆመች ሴት፣ ከአፍንጫው ፊት የሚሻገር ተማሪ፣ ምንም አይታየውም። ሾፌሩን እንሳደባለን፣ አንዳንዴም ይገባዋል፣ ግን ያላየውን ሰው እንዴት ያድን? ለንደን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከ12 ቶን በላይ የሆነ፣ ሾፌሩ ከወንበሩ በደንብ ማየት የማይችልበት የጭነት መኪና የጎን ካሜራና እግረኛን ወይም ብስክሌተኛን ለይቶ የሚያስጠነቅቅ ሴንሰር ካልተገጠመለት እንዳይገባ ከልክላለች። አዲስ ግዙ አላለቻቸውም፣ ያላችሁ አሮጌ መኪና ላይ ግጠሙበት ነው ያለቻቸው። ያው እኛ ስፖኪዮ ላይ ለጌጥ የምንለጥፈው ዓይነት ዕቃ ነው እኮ! ገልባጩ ላይ ሲገጠም የሰው ሕይወት ያተርፋል። በቀን ስንት ገልባጭ፣ ስንት የውኃ ቦቴ ከልማቱ ሥራ ጋር ከተማ መሐል ይመላለሳል፣ ቦሎ ሲታደስለት ፍሬኑና መብራቱ ታይቶ ያልፋል፤ ቀኝ ጎኑን ማን ያየዋል የሚል የለም።

እና በሚቀጥለው ስትጽፉ ሻጮቹን ሁለት ነገር ጠይቁልን። አንደኛ፣ ዕቃው ፍሬን ይይዛል ወይስ ይጮኻል ብቻ? ሁለተኛ፣ ከገጠመ በኋላ ማን ለክቶ ያስተካክልልናል? አዲስ መኪና ላለው አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ሽቦ በመስታወቱ ጎን ሲያወርዱ በአየር ከረጢቱ ፊት ለፊት እንዳያሳልፉት ቆማችሁ እዩ፣ ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ደግሞ የከረጢቱ ነውና ማንም እንዳይነካባችሁ።

የፊቷ ካሜራ አሁን የእጅ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ናት። አልጣልኳትም። አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስሄድ አውጥቼ እለጥፋታለሁ፤ እዚያ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ እንቅልፍም ሸለብ ያደርጋል፣ እዚያ ትጩኽ። ስመለስ ከክፍያ ጣቢያው እንደወጣሁ እነቅላታለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ