ስለ ጆርጅ ፓድሞር አንድ ገጽ ይጻፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በጣልያን ወረራ ዘመን ከጎናችን ስለቆሙ የውጭ ሰዎች ሲጻፍ፣ የጆርጅ ፓድሞር ስም ብዙም አይነሳም። ይህ ያሳዝነኛል። ፓድሞር የትሪኒዳድ ተወላጅና ኮሚኒስት ጋዜጠኛ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ጀርመን ሀምቡርግ ተቀምጦ «ዘ ኒግሮ ወርከር» የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ቅኝ ገዢዎች ጋዜጣውን ቢከለክሉም መርከበኞች ደብቀው ወደ አፍሪካና ካሪቢያን ወደቦች ያስገቡት ነበር። ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት!

በ1933 ናዚዎች አሰሩት፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አባረሩት።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የዓለምን ኮሚኒስቶች ትመራ የነበረችው ሞስኮ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ለመወዳጀት ስትል በቅኝ ገዢዎቹ ላይ የነበረውን ዘመቻ አቀዘቀዘች። ፓድሞር እምቢ ብሎ ወጣ፤ በ1934 ኮሚኒስት ፓርቲው አባረረው። ብዕሩን ግን አላስቀመጠም። ጣልያን ሲወረን ለንደን ላይ ከትሪኒዳዳዊው ደራሲ ሲ ኤል አር ጄምስና ኋላ የኬንያ መሪ ከሆነው ከጆሞ ኬንያታ ጋር ሆኖ ለኢትዮጵያ ተሟገተ። በዚያው ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ለሙሶሊኒ ነዳጅ ትሸጥ ነበር።

እባካችሁ በታሪክ አምዳችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት።

አንባቢያችሁ