ለቢራ ቅምሻ ቡድናችን አባላት

ውድ አባላት፣

ባለፈው ቅምሻ ከሰበሰብኳቸው ወረቀቶች የሚበዙት «ይጣፍጣል» ወይም «አይጣፍጥም» ብቻ ይላሉ። ከዚህ ምን እንማራለን? አሁን እባካችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱ። የቅቤ ሽታ ከመጣ ዳይአሴቲል ነው፣ ቢራው ሲብላላ የሚፈጠር ንጥረ ነገር፤ ብዙውን ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ወጥቷል ማለት ነው። ብርሃን የመታው ቢራ ግን የሆፕሱ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) መራራ ንጥረ ነገር ተሰባብሮ ይገማል። ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴው የተሻለ የሚከላከለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በጠማቂው ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ጥፋቱ የእኛ መደርደሪያ ሊሆን ይችላል!

ቀለል ካለው ቢራ ከላገር ጀምረን በጥቁሩ ቢራ በስታውት እንጨርሳለን። ስታውቱን ከማቀዝቀዣ ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆን የተቆላው ብቅል የቡናና የቸኮሌት ቃና ይወጣል። ድፍርስ ቢራ ብታዩ ነጥብ አትቀንሱ፣ ሳይጣራ የታሸገ ይሆናል። መኪና የሚነዳ ቀምሶ ይትፋ፤ ነውር የለውም።