ባትሪያችሁ ሳይታዘዝ ስለሚከፈላችሁ ገንዘብ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባትሪያችሁን በእኛ በኩል ለፒጄኤም (በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የኤሌክትሪክ መረቡን ለሚያስተዳድረው ድርጅት) የአቅም ገበያ ካቀረባችሁት ብዙዎቻችሁ ሁለት ነገር ትጠይቁናላችሁ። አንደኛው «ወሩ ሙሉ ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ ገንዘቡ ከየት መጣ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ቅሬታ ያዘለ ነው፤ «የጨረታው ዋጋ ዘጠኝ እጥፍ ጨመረ ሲባል የእኔ ክፍያ ለምን በዚያው ልክ አላደገም?»

በዚህ ገበያ የሚሸጠው ዝግጁነት ነው። የኤሌክትሪክ መረቡ አስተዳዳሪ በጭንቅ ሰዓት የሚደርስለት አቅም እንዳያጣ አስቀድሞ በጨረታ ይገዛል። እናንተም የሚከፈላችሁ ስትጠሩ ፍጆታችሁን ለመቀነስ ቃል ስለገባችሁ ነው። ጥሪ ያልመጣበት ወርም ቃሉ ስላለ ክፍያው አይቀርም።

ዋጋው በእርግጥ ዘሏል። ለ2024/25 የአቅርቦት ዓመት በአብዛኛው ክልል 28.92 ዶላር የነበረው የአንድ ሜጋዋት የቀን ዋጋ ለ2025/26 ወደ 269.92 ዶላር ወጣ (ዓመቶቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ የአቅርቦት ዓመቱ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው)። ነገር ግን በዚያው ጨረታ የአቅም አለካኩም ተቀየረ። እያንዳንዱ ምንጭ በቀድሞው ስሌት መቆጠሩ ቀርቶ፣ መረቡ በእውነት በሚቸገርበት ሰዓት በሚሰጠው ጥቅም ይመዘን ጀመር። የፍጆታ ቅነሳ 76 በመቶ፣ ለአራት ሰዓት የሚዘልቅ ባትሪ 59 በመቶ፣ ፀሐይን የማይከተል ቋሚ የፀሐይ ፓነል ደግሞ 9 በመቶ ብቻ ተሰጣቸው። ለፓነል ባለቤቶች መራራ ቁጥር ነው፤ ሆኖም የከፋው አደጋ ፀሐይ ወዳልወጣችበት የክረምት (የብርድ ወቅት) ማለዳ ስለዞረ ያለ ምክንያት አልመጣም።

በስሌት እንየው። አንድ ኪሎዋት በ2025/26 ዋጋ ለዓመት 98.50 ዶላር ገደማ ያወጣል። የእናንተ ባትሪ የሚመዘነው በፍጆታ ቅነሳ ስለሆነ፣ አምስት ኪሎዋት ብትቀንሱ የሚቆጠርላችሁ 76 በመቶው፣ ማለትም 3.8 ኪሎዋት ነው፤ ይህም የእኛ ድርሻ ሳይነሳ 374 ዶላር አካባቢ ይሆናል።

ከመጠን በላይ እንዳናስመዘግብ የሚያስጠነቅቀን በታኅሣሥ 2022 የደረሰው የክረምት ማዕበል ነው። በዚያ ብርድ በፒጄኤም ክልል ወደ 47,000 ሜጋዋት የሚጠጋ የማመንጫ አቅም ከሥራ ወጣ፤ አብዛኛውም የጋዝ ነበር። ቃላቸውን ባልጠበቁት ላይ መጀመሪያ የተሰላው ቅጣትም 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ትልልቆቹ ማመንጫዎች ያልቻሉትን ቃል እኛ በእናንተ ባትሪ ላይ አንገባም፤ ስለዚህ ከምትችሉት ጥቂት አጉድለን እናስመዘግባለን። ይህ ገቢያችሁን እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ እንደዚያም ሆኖ ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

በሰዓት የሚመዘግብ ቆጣሪ ላላችሁ ድርጅቶች አንድ ምርጫ አለ። የዓመቱ የአቅም ሒሳባችሁ (እናንተ ራሳችሁ ለአቅም የምትከፍሉት) የሚተመነው ባለፈው በጋ (በሞቃቱ ወቅት) መረቡ እጅግ በተጨናነቀባቸው አምስት ሰዓታት በተጠቀማችሁት ልክ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ባትሪውን ብትጠቀሙ ሒሳባችሁ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት ልትሸጡት የምትችሉት ቅነሳም አብሮ ይቀንሳል። አንዱን ኪሎዋት ሁለት ጊዜ መሸጥ አይቻልም። ለብዙዎቻችሁ የሒሳቡ ቅናሽ ሳይሻል አይቀርም፤ ከመወሰናችሁ በፊት ግን የቆጣሪ መረጃችሁን አብረን እንይ።

ባትሪያቸው ከፍጆታቸው የሚበልጥ ደንበኞች «ትርፉን ወደ መረቡ ብልክስ?» ይላሉ። አሁን ባለው የፍጆታ ቅነሳ መንገድ ያ ትርፍ አይቆጠርም። የአሜሪካ ፌዴራል የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በመስከረም 2020 ባወጣው ትእዛዝ ቁጥር 2222 ትንንሽ ምንጮች ተሰባስበው ከ100 ኪሎዋት ጀምሮ ወደ ገበያው እንዲገቡ ፈቅዷል። በፒጄኤም ግን ሙሉ ተግባራዊነቱ ወደ 2028 ተገፍቷል። መዘግየቱ ያበሳጫል፤ እኛንም ያበሳጨናል።

ከ2027/28 ጀምሮ ደግሞ የጥሪው ሰዓት ይሰፋል። እስካሁን በክረምት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብቻ የነበረው ግዴታ ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ይሆናል። ስለዚህ ብርድ በሚጠናበት ወቅት ባትሪያችሁን ባዶ አድርጋችሁ አትደሩ፤ ጥሪ ሲመጣም መሣሪያውን በእጅ አታቋርጡ። ለረጅም ጊዜ ከቤት የምትርቁ፣ ወይም ባትሪውን የምታስጠግኑ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ጊዜው ካላለፈ ድርሻችሁን በሌላ ደንበኛ እንሸፍናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል