ዘንድሮ ነርሲንግ ለምትገቡ ልጆች፦ ያልሠራችሁትን አታስፈርሙ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን የምሠራ ነርስ ነኝ፣ ትውልዴ ሰላ ድንጋይ አካባቢ ነው፣ ሥራ ከያዝኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም ግን ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ነርሲንግ ደረሰኝ ብላ ከነሻንጣዋ እኔ ቤት መጥታ ማታ ማታ ስትጠይቀኝ ስመልስላት፣ ስትጠይቀኝ ስመልስላት፣ ይሄን ለሷ ብቻ ከምነግራት ከመንዝም ከመርሐቤቴም ከይፋትም ከምንጃርም ለሚመጡት ሁሉ ለምን አልጽፈውም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ሲኦሲ ይጥላል ወይ?" የሚል ነበር፣ ሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘናው ነው። ገና ክላስ ሳይጀመር! አልፈርድባትም፣ እኛም እንደዛው ነበርን፣ ኮሌጅ ጨርሶ ምዘናውን ካላለፈ ሥራ የለም ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ትምህርቱስ ይከብዳል ወይ ካላችሁኝ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ የሰውነት ክፍሎችና አሠራራቸው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፣ ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስሙ ብቻ ምላስ ያስራል። የዛሬውን ዛሬ ማታ አንብቡት፣ ከዛ ለጓደኛችሁ በአማርኛ አስረዱት፣ በአማርኛ ማስረዳት ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። የቀድሞ ባች የፈተና ወረቀት ብቻ እየሸመደዳችሁ አትሂዱ። ስለ ቲዎሪው በዚሁ ይብቃኝ፣ እሱን ሁሉም ሰው ይመክራችኋል።

እኔ የምለምናችሁ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ፕራክቲስ ስትወጡ ስላለው ነገር ነው። ሎግ ቡክ የሚባል ይሰጣችኋል፣ እያንዳንዱ ፕሮሲጀር ስንት ጊዜ መሠራት እንዳለበት ተጽፎበታል፣ መርፌ መውጋት፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የምትገባ ቀጭን ቱቦ) መክፈት፣ ቁስል ማጠብ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ በአፍንጫ ቱቦ ማስገባት፣ ሌላም ሌላም፣ ስትሠሩ ያያችሁ ሱፐርቫይዘር ይፈርምበታል። እና ተማሪው በዝቶ ታካሚው ሲያንስ ምን ይደረጋል መሰላችሁ፣ ያልተሠራውም ይፈረማል።

እኔም አስፈርሜያለሁ። ወንድ ታካሚ ላይ ካቴተር ማስገባት የሚለው ጋ። ጓደኛዬ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፣ እኔ ልሥራ ለማለት አፈርኩ፣ ሱፐርቫይዘሩም ሥራ በዝቶበት "አይተሻል አይደል?" አለኝና ፈረመልኝ። ስኪል ላብ በሚባለው መለማመጃ ክፍል ውስጥ አሻንጉሊቱ ላይ ሠርቼዋለሁ፣ ሲኦሲም በአንዴ አለፍኩ፣ ስለዚህ ነገሩን ረሳሁት።

ከዛ መንዝ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ገና ብዙም ሳልቆይ አንድ ቀን የማታ ዲውቲ ብቻዬን ሆኜ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም አንድ አባት በቃሬዛ መጡ። ከትናንት ጀምሮ ሽንታቸው ታግዶ ከእምብርታቸው በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ በዛ ሁሉ የመንዝ ብርድ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ልጃቸው ደግሞ "ሲስተር ድረሽልን" ይለኛል። ቅደም ተከተሉን በቃሌ አውቀዋለሁ እኮ፣ ስቴራይል ጓንት ታደርጊያለሽ፣ ታጸጃለሽ፣ ጄሉን ትቀቢያለሽ፣ ሽንት ሲወርድ ሳታይ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ባሉን አትነፊም። እጄ ግን አያውቀውም። ቱቦው መሀል መንገድ ላይ ያዘብኝ፣ ልግፋ ልመልስ አላወቅኩም፣ ብገፋው አቆስላቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ፣ አውጥቼ እንደገና ሞከርኩ አሁንም ያዘ። ዘበኛችን ባትሪ ይዞ ሄዶ አዋላጇን ከቤቷ ቀስቅሶ እስኪያመጣት 40 ደቂቃ ሄደ። 40 ደቂቃ ሙሉ እጃቸውን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩላቸውም። እሷ መጣችና አቅጣጫውን አስተካክላ "አባባ በረዥሙ ይተንፍሱ" እያለች፣ ሳትቸኩል፣ ሳትገፋ ጠብቃ አስገባችው። ከሊትር በላይ ሽንት ወረደ። እኚያ አባት ሲቀላቸው ሁለታችንንም መረቁ፣ እኔንም ጨምረው፣ "ልጄ እደጊ ተመንደጊ" አሉኝ። ያን ምርቃት የተቀበልኩት አንገቴን ደፍቼ ነው፣ እስከዛሬም ሳስታውሰው ደረቴን ይከብደኛል።

እና ልጆች እባካችሁ ያልሠራችሁትን ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ ይዞ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ሄዶ "ይሄን አልሠራሁም፣ ታካሚ ሲመጣ ይጥሩኝ" ማለት አያሳፍርም። ቀን ቀን አንድ አልጋ ላይ አስር ተማሪ ይከባል፣ የኋላው የፊቱን ትከሻ ነው የሚያየው፣ ሌሊትና ቅዳሜ እሁድ ግን ተማሪ ይጠፋል፣ ያኔ ግቡ። ፈቃድ ጠይቃችሁ የሌሊት ዲውቲ ውጡ፣ ኢመርጀንሲ ቁሙ፣ የቆዩ ሲስተሮችን ተከተሉ፣ ጓዙን ተሸከሙላቸው፣ ወዲያው ነው "ነይ ይሄን አንቺ ክፈቺ" የሚሏችሁ። ታካሚውንም አስፈቅዱ፣ ተማሪ መሆናችሁን ንገሯቸው፣ የኛ አገር ሰው "ልጄ ተማሪበት" ይላል እንጂ ብዙ ጊዜ እምቢ አይልም፣ ግን ሳይጠየቅ ሲነካ ይከፋዋል፣ መከፋቱም ልክ ነው።

ሂሳብ አልወድም ብላችሁ ነርሲንግ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ እዚህም ሂሳብ አለ። ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ብሎ ሲያዝ በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ እንዳለበት የምታሰሉት እናንተ ናችሁ። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፣ ግሉኮሱ የሚወርድበት ገመድ ማሸጊያ ላይ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ካለ 1000 በ20 አባዝታችሁ ለ480 ታካፍላላችሁ፣ 42 ጠብታ ግድም ይመጣል፣ ከዛ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ጠብታውን ትቆጥራላችሁ። በግምት የሚለቅ ሰው አይቻለሁ፣ ለሕፃንና ለልብ ታካሚ እንዲህ ያለ ግምት አደጋ ነው። መድኃኒት ስትሰጡም ሰውየው እሱ መሆኑን፣ መድኃኒቱ እሱ መሆኑን፣ መጠኑን፣ በየት እንደሚሰጥና ሰዓቱን አምስቱንም በየጊዜው እዩ፣ መቶኛ ጊዜያችሁም ቢሆን። ሴኮንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይኑራችሁ፣ ስልክ አይሆንም። የቢፒ (የደም ግፊት) መሣሪያና ስቴቶስኮፕ ለየብቻ መግዛት ከከበዳችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጡና አንድ ግዙ፣ እኛም እንደዛ ነው ያደረግነው።

ሌላው ክላስ ውስጥ የማይነገራችሁ የታካሚው ቋንቋ ነው። እናንተ በእንግሊዝኛ ስትሸመድዱ ከርማችሁ እማማ መጥተው "ምች መታኝ" ይሏችኋል፣ አንዱ "መጋኛ ነው" ይላል፣ ሌላዋ "ጎኔን ውጋት ይዞኛል" ትላለች፣ "ብርድ ነው" "ጨጓራዬ ነው" "ራሴን ያዞረኛል" ይባላል። ምች ያለ ሁሉ አንድ አይነት በሽታ የለበትም፣ አንዱ ከንፈሩ ላይ ቁስል ወጥቶበት ነው፣ አንዱ ራሱን አሞት አተኩሶት ነው። ስለዚህ "ምች የሚባል በሽታ የለም" ብላችሁ አትሳቁባቸው፣ ይዘጉባችኋል፣ ከዛ በኋላ እውነቱን አይነግሯችሁም። "የት ጋ ነው እማማ? መቼ ጀመረዎት? ምን ሲያደርጉ ይብስብዎታል?" በሏቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ያመጡላችኋል። እናት "ልጄ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጎኑ ይሰረጉዳል" ካለች ደግሞ ወረፋ አታስጠብቋት። ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ፣ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ሕፃን ላይ አይሠራም። ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዛ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዛ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፣ ደረቱ ከተሰረጎደ ደግሞ ቶሎ ሐኪም ጥሩ።

ከየት እንደመጡም ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ወባ እዚህ የለም ብሎ መዘናጋት አለ፣ ግን ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ወይ አጣዬ ለሥራ ከርሞ የተመለሰ ልጅ ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ቆላ መክረሙን ካልጠየቃችሁት ደም ሳይመረመር ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ፀበልም አለ። የሸንኮራ ዮሐንስን ፀበል የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው የለም፣ መድኃኒቱን አቁሞ ፀበል የሚገባ ታካሚ ያጋጥማችኋል፣ በተለይ የሚጥል በሽታ፣ ስኳርና ኤች አይ ቪ ያለበት። አትቆጡ፣ እኔ እምነቱን አክብሬ "ፀበሉን ይጠመቁ፣ መድኃኒቱንም አይተዉ፣ አብረው ይሄዳሉ" ነው የምላቸው፣ ይሄን ከሚሉ ካህናት ጋርም ሠርቻለሁ፣ በጣም ይረዳል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ታካሚውን "አልጋ ቁጥር 4" እያላችሁ አትጥሩ፣ ስም አላቸው፣ ጋሼ በሉ፣ እትዬ በሉ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ታካሚ አታንሱ፣ ቁስል ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነውር ብቻ ሳይሆን የሙያ ጥፋት ነው።

ራሳችሁንም ጠብቁ። ፕራክቲስ ከመውጣታችሁ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጠይቁ፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ የመጀመሪያው፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ታካሚ የወጋችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፣ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የመርፌ መጣያ ውስጥ ጨምሩት፣ ሴፍቲ ቦክሱም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፣ በላዩ አይጠቀጠቅም። እናንተን መርፌ ከወጋችሁ ደግሞ አትደብቁ! ተማሪ ሱፐርቫይዘሩን ፈርቶ ይደብቃል። በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ያኑ ሰዓት ተናገሩ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው ጥሩ፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም።

ከቆላ ለምትመጡት ስለ ብርዱ ልንገራችሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይ ባና ካላችሁ ከቤት ያዙ፣ በሶና ሽሮም ያዙ። እና በእግዚአብሔር፣ የተከራያችሁበት ክፍል ውስጥ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ፣ የሚወጣው መርዛማ አየር አይታይም አይሸትም፣ እንቅልፍ ላይ ነው የሚገድለው። የከሰል ጭስ የመታቸው ተማሪዎች ኢመርጀንሲ ሲመጡ ተቀብያለሁ፣ ሁሉም አልተረፉም።

እናትና አባት የሆናችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ ኅዳር ላይ አዝመራ ደርሷል ብላችሁ ልጁን ከፕራክቲስ አትጥሩት፣ ችግራችሁን አውቃለሁ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ግን ያ የቀረበት ሳምንት ተመልሶ አይመጣም፣ ተመልሶ የሚመጣው ከላይ የነገርኳችሁ ሳይሠሩ ማስፈረም ነው። "ነጥብ አልመጣለት ብሎ ነርስ ሆነ" እያላችሁም ጎረቤት ፊት አታሳንሱት። የንጉሥ ልጅ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንኳ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የተማሩት ነርስነት ነው፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ሲያርፉ ገና 22 ዓመታቸው ነበር፣ ስማቸውም ለሆስፒታል መጠሪያ ሆኖ ነው የቆየው።

ይሄን ስጽፍ የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ የኔን ቢፒ እየለካች ነው፣ መጀመሪያ 150 አለችኝ፣ ቀጥላ 90፣ አየሩን በአንዴ ስለምትለቀው ነው፣ ቀስ እያልሽ ልቀቂው ብያት እንደገና ጀምራለች። አዘጋጆች፣ ጋዜጣችሁ መሀል ሜዳና ዓለም ከተማ ዘግየት ብሎ ስለሚደርስ ከተቻለ ልጆቹ ከቤት ሳይነሱ አውጡልኝ።

አንዲት ነርስ
ከደብረ ብርሃን