የትንሿ አጥቢያችን ባሕር መዝገብ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ወሎ የእምነት ታሪክ የምታወጧቸውን ጽሑፎች ከልቤ እከታተላለሁ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ስለ ግሸን ማርያም፣ ስለ ጀማ ንጉሥ፣ ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ያወጣችሁትን አንብቤያለሁ። ሁሉም ሊጻፍላቸው የሚገባ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር አጥቢያ ልንገራችሁ። ከኮምቦልቻ በባቲ መንገድ ወጣ ተብሎ፣ ከአስፋልቱ በእግር የሚገባባት ናት። አባላቷ በዙ ቢባል 60 አይሞሉም። ባፕቲስት ነን፤ ከፕሮቴስታንቶች ወገን። እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው።

እንድጽፍላችሁ ያደረገኝ አንድ መጽሔት ነው። አጥቢያችን የምሥረታ በዓሏን ልታከብር ነውና ኮሚቴ ተቋቁሞ ታሪኳን አዘጋጀ። ረቂቁ ለእርማት እጄ ገባ። 12 ገጽ ነው። መጋቢዎቹ በሙሉ ከነፎቷቸው አሉ። ለጸሎት ቤቱ የወጣው ወጪ አለ። ቆርቆሮ የለገሱን እንግዶችም አልቀሩም። መጀመሪያ በአባቴ ቤት የተሰበሰቡት 11 ሰዎች ናቸው፤ ረቂቁ ላይ ያሉት ግን አራቱ ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ሰባት ነበሩ። አንዷም የለችም።

ያን ማታ ባሕር መዝገቡን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ልባሱ ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ቀይ። ጀርባው ሁለት ጊዜ በፕላስተር ተጠግኗል። የመጀመሪያው ገጽ በአባቴ እጅ የተጻፈ ነው። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ ስለነበር ሀሌታውን ከሐመሩ ያምታታል። ወንዶቹን ከነአባታቸው ጽፏቸዋል። ከሴቶቹ ሦስቱ ግን «የእገሌ ሚስት» ተብለው ነው የገቡት። ከስማቸው ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ ቀን ተጽፏል። ማክሰኞ። ሐሙስ። ቅዳሜ። ልጅ ሆኜ ይህ ምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ለካ ጉባኤው በየትኛዋ ሴት ቤት፣ በየትኛው ቀን እንደሚሆን ነው።

ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር። አባቴ የመንዝ ሰው ነው። በግ ያረባል፣ ባና ይሸምናል፤ እናቴ ሱፉን ትፈትላለች። የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች በ1960 ገደማ ወደ አገራችን መጥተው መንዝ ላይ ሥራ ጀመሩ። ያኔ ሕጉ ጥብቅ ነበር። በ1936 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ አንዱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ሌላው ክፍት አካባቢ። መንዝ የመጀመሪያው ነው። እዚያ ሚሲዮን ማከምና ማስተማር ይችላል፤ ሰውን ከእምነቱ ማስወጣት ግን ክልክል ነው። የማስተማሪያ ቋንቋውም አማርኛ እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል። አባቴ ማንበብ የተማረው በዚሁ በኩል ነው። «የታመመ በግ ይዤ ሄጄ ፊደል ይዤ ተመለስኩ» ይለን ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ገዛ። ለብቻው አነበበ። ለብዙ ጊዜም ለማንም አልተናገረም።

አብዮቱ ሲመጣ ሚሲዮናውያኑ ሄዱ። ኑሮም ከበደና እኛ ሥራ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። አባቴ ቀን የጉልበት ሥራ ይሠራል፣ ማታ ያነባል። ለመስማት የመጡት መጀመሪያ የጎረቤት ሴቶች ናቸው። አጥቢያዋ የተጀመረችው እንዲህ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ስለዚህ ረቂቁ ላይ «አጥቢያችን በሚሲዮን ተመሠረተች» የሚለውን ሳነብ ከነከነኝ። ለሚሲዮናውያኑ ምስጋና ይገባቸዋል፤ አባቴን ያስነበቡት እነሱ ናቸው። ያን ቤት ግን አንድም ፈረንጅ ረግጦት አያውቅም። የመሠረቱት አንድ ሸማኔና እንጀራ ጋጋሪ ሴቶች ናቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። «መጤ ሃይማኖት» ይባላል። ጴንጤ መባል ከሥራ ያስባርራል፣ ያሳስራል። በ1974 አዲስ አበባ ላይ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሽጋ መሪዎቿ ሲታሰሩ ወሬው እኛ ጋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ መዝሙር በሹክሹክታ ሆነ። ያን ጊዜ ሴቶቹ የሠሩትን ማን ይጻፈው? የወሎ ቡና ረጅም መሆኑ ጠቀመን። ባለተራዋ ሴት ቡና ታፈላለች፣ ጭሱ ይወጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። ሰው ቢመጣ ቡና እየተጠጣ ነው። በአቦሉ ቃል ይነበባል፣ በቶናው ይጸለያል፣ በረካው ሲወርድ ሁሉም ወደየቤቱ። መጽሐፉ የሚደበቀው ረከቦቱ ሥር፣ ቄጠማው ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች ድንገት ገቡ። ባለቤቲቱ ሳትደነግጥ ስኒ ቀዳችላቸው። ጠጥተው ሄዱ። ያቺ ሴት መጽሔቱ ላይ የለችም።

ጥምቀቱ ሌሊት ነበር፣ ቦርከና ወንዝ። እኛ ባፕቲስቶች የምናጠምቀው አምኖ የጠየቀን ሰው ነው፣ ውኃ ውስጥ አጥልቀን። በበጋ ወንዙ ስለሚሳሳ ወንዶቹ በዋዜማው ድንጋይ ደርድረው ውኃውን ያቆሩታል። እናቴ ስትጠመቅ ደረቅ ነጠላዋን ይዤ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። ጨረቃ አልነበረችም። ከውኃው ስትወጣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። እኔ ማልቀስ ስጀምር አፌን በእርጥብ እጇ ያዘችኝና ሳቀች። ያ ቅዝቃዜ አሁንም ከንፈሬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ዛሬ ቦርከና ፍሳሽ በዝቶበት ለእግር መታጠቢያም አይሆንም። የምናጠምቀው ግቢያችን ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ነው።

የመዝገብ ነገር ለእኛ የቆየ ልማድ ነው። ባፕቲስቶች የተነሡት ከእንግሊዝ ነው (እነዚህ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1609 ተሰደው አምስተርዳም ላይ በጆን ስሚዝ መሪነት ጉባኤ አቆሙ። ከመካከላቸው ቶማስ ሄልዊስ በ1612 ወደ ለንደን ተመልሶ ስፒታልፊልድስ ላይ አጥቢያ ጀመረ። ለንጉሥ ጄምስም በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለህም ብሎ ጻፈለት። ነፃነት የጠየቀው ለራሱ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ለሙስሊሙም ለአይሁዱም ጭምር ነው። ኒውጌት ወኅኒ ወረደ። በእኛ አቆጣጠር በ1870 ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ «ተጠመቅ» የተባለበትን ዘመን ከአያቶቹ አፍ የሰማ ወሎዬ ይህ ነገር ጠልቆ ይገባዋል።

በአሜሪካ ደቡብ ገጠሮችም በፈረንጆቹ 1800ዎቹ አጥቢያዎቹ እንደኛው ትንንሽ ነበሩ። አንድ ሰባኪ አራት አጥቢያ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ይደርሰዋል። ቅዳሜ የአባላት ጉባኤ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል። ማን ተጠመቀ፣ ማን ከሌላ አጥቢያ መሸኛ ይዞ መጣ፣ ማን ሰከረ፣ ማን ከጎረቤቱ ተጣላ፣ ማን ከአባልነት ተሰረዘ፣ ማን ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ፤ ሁሉም ይጻፋል። በባርነት የነበሩ ጥቁሮችም እዚያው መዝገብ ላይ አሉ። የራሳቸው ስም ብቻ፣ ከጎኑ የአሳዳሪያቸው ስም። የአባታቸው ስም እንኳ የለም። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ቅድመ አያታቸውን ሲፈልጉ አንዳንዴ የሚያገኙት በዚያች አንድ መስመር ብቻ ነው። ናሽቪል ከተማ ባለው የደቡብ ባፕቲስቶች ቤተ መዛግብት ብዙዎቹ መዝገቦች በማይክሮ ፊልም ተነሥተው ተቀምጠዋል። እነዚያ የገጠር ጸሐፊዎች የሰባኪዎቹን ስም ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ጠፍቶ ቀርቶ ነበር። የአባቴን «የእገሌ ሚስት» ሳይ የማስበው እነሱን ነው። ስሟ ባይሟላም ገብታለች። መጽሔቱ ግን እሱንም አስቀረባት።

ኮሚቴው ሌላም ነገር ቆርጧል። ከደርግ ውድቀት ጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ልሳን ጸሎት፣ ማለትም በማይታወቅ ቋንቋ ስለሚጸለየው፣ ተከራክረን ተለያይተን ነበር። 14 ሰዎች መሸኛ ወስደው ሄዱ። ቃለ ጉባኤው ሦስት ገጽ ነው። ስብሰባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንደቆየ ይላል። እጅ በማውጣት ድምፅ ተሰጠ፤ ቁጥሩ አለ። የያኔው ጸሐፊ ከፊርማው በላይ «በዕንባ ተለያየን» ብሎ ዘግቶታል። ኮሚቴው «ገመናችንን አደባባይ አናውጣ» አለኝ። ቅንነታቸው ይገባኛል። ግን ሰዎቹ እኮ አሉ። ማክሰኞ ገበያ ላይ እንገናኛለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን። በወንዝ ሌሊት የተጠመቁ፣ ቡና እያስመሰሉ የጸለዩ ሰዎች ናቸው። ተለየን ብለን ከታሪኩ ብንፍቃቸው ሁለተኛ ጊዜ አባረርናቸው ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ቅሬው፣ ማለትም እድራችን ነው። አባቴ ሲሞት የሚቀበርበት ቦታ አጣን። የት ተከልክለን እንደመጣን አልጽፍም፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። አስከሬኑ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ተጨማሪ አደረ። የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ነው። ሽማግሌዎቹ ማለዳ መጡና እናቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ ፊቱ ወደየት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? ከማሳቸው ዳር ቦታ ሰጡን። ጉድጓዱን የቆፈሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። እናቴ ማታውኑ ስማቸውን አስጠርታ መዝገቡ ላይ አስጻፈች። ዘጠኙም ሙስሊሞች ናቸው። የአንዲት ባፕቲስት አጥቢያ ታሪክ እነሱን ሳይጠራ እንዴት ይታተማል?

መዝገቡ ራሱ እዚህ የደረሰው በሙስሊም ጎረቤቴ ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆቻችንን ይዘን ወጣን። እሷ እናቷ አልጋ ላይ ስለነበሩ መሄድ አልቻለችም። መዝገቡን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋት። ማሽላ ጎታዋ ውስጥ እስከ ክርኗ ድረስ አስገብታ ቀበረችው። ከአንድ ወር በላይ ቆይተን ስንመለስ የጸሎት ቤቱ በር ተገንጥሏል። ወንበሩም ኪቦርዱም የለም። የጋብቻ መዝገባችን ተቀዳዶ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ዝናብ መትቶታል። ባሕር መዝገቡን ግን ጎረቤቴ ከነፌስታሉ አውጥታ ሰጠችኝ። ስገልጠው በየገጹ መሐል ማሽላ ነበር። አሁንም ይሸታል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። በየቀበሌው እንዲህ ያለ ደብተር ያለው የገጠር መስጊድ፣ የአጥቢያ ሰበካ፣ ቅሬ፣ ማኅበር አለ። ብዙው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ቤት፣ ሳጥን ውስጥ። እባካችሁ በወር አንድ ቀን እንኳ ለእነዚህ ታሪኮች ቦታ ስጡ። ትልልቆቹን ታሪክ ጸሐፊዎች ይጽፏቸዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲፈልጉ መምህራኑ ወደነዚህ ደብተሮች ቢልኳቸው፣ የሚነሣውም ፎቶ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ጸሐፊ ለሆናችሁ ሁሉ ደግሞ፣ መዝገባችሁን ገጽ በገጽ በስልካችሁ አንሡት። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳታበሩ። አንዱን ቅጂ ከቤታችሁ ርቆ ለሚኖር ዘመድ ላኩ። የእኛን 212 ገጽ ከልጄ ጋር በሁለት ቅዳሜ ጨርሰነዋል።

ለኮሚቴውም ረቂቁን ሳልፈርምበት መልሻለሁ። የሰባቱን ሴቶች ስም፣ የ14ቱን፣ የዘጠኙን ቆፋሪዎች ከነገጹ ጠቅሼ አያይዣለሁ። «የእገሌ ሚስት» የተባሉት የሦስቱ የራሳቸው ስም ግን መዝገቡ ላይ የለም። ከሰባቱ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፅ ግን ይለያሉ፣ ነገርም አይረሱም። የሦስቱን ስም የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። በመጪው ሐሙስ ቡና ቋጥሬ እሄዳለሁ። አባቴ በእርሳስ እንደጻፈው ሐሙስ የእሳቸው ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ገጠር አጥቢያ ጸሐፊ
ከኮምቦልቻ