ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፦ የአዳማን መሬት እኛም እንለካው

ጉዳዩ፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትምህርት ቤቶች የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ እንዲተከል ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ? አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ጉዳዩ የከተማው ሁሉ ስለሆነ ደብዳቤውን በፖስታ ከመላክ ይልቅ ሰው ሁሉ እንዲያየው እዚህ ጻፍኩት።

የ2017ቱን መንቀጥቀጥ እናንተም አዲስ አበባ ሆናችሁ ቀምሳችሁታል። መነሻው ፈንታሌ የሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ነበር፤ ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከመስከረም ጀምሮ ሲነካካን ቆየ። ታኅሣሥ ላይ ባሰበት። የካቲት 7 ምሽት መጠኑ (ማግኒቲዩዱ) 6.0 ደረሰ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ።

ያን ሰሞን ወሬው ከመንቀጥቀጡ ይብስ ነበር። «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይዞራል፣ ሰው ልጁን አቅፎ ደጅ ያድራል። የመንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንቲስት በዓለም ላይ የለም። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር በጊዜው፣ በሚገባን ቋንቋ፣ እዚሁ ከተማ ቆሞ የሚነግረን ባለሙያ ግን አጣን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በየሚዲያው ሲያስረዱ ነበር፣ ምስጋና ይድረሳቸው። ግን እነሱስ ስንቱን ከተማ ያዳርሱ?

መረጃው ጠፍቶ አይደለም። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሴንቲኔል 1 የሚባሉ ሳተላይቶች አሉት። የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካሉ፣ ተመልሶ የመጣውን ይመዘግባሉ። የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከቀናት በኋላ በዚያው መስመር ሲያልፉ ደግመው ይለካሉ። ሁለቱ ምስሎች ሲነባበሩ፣ መሬቱ በተነሣበት ወይም በሰጠመበት ቦታ ላይ ቀለበት ቀለበት የሆነ ቀለም ይወጣል። አንድ ቀለበት ማለት በመሬቱና በሳተላይቱ መካከል ያለው ርቀት 2.8 ሴንቲ ሜትር ተለውጧል ማለት ነው። ፈንታሌ ሥር ማግማ (የቀለጠ አለት) ገብቶ መሬቱን እየገፋ መሆኑ የታየው በዚህ ዘዴ ነው። ዳታው ደግሞ ለማንም ሰው ነፃ ነው። ኢንተርኔት ያለው ሰው አዳማ ቁጭ ብሎ ማውረድ ይችላል። የሚያነበው ግን በብዛት ባሕር ማዶ ያለ ተመራማሪ ነው። ስለ ጓሯችን የሚወጣውን ጥናት ከነሱ ጆርናል ላይ እናነባለን፣ እሱም ከተገኘ ነው።

ስለ ፊዚክስ ጥናት ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚታየው ሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል)፣ ጥቁር ጉድጓድ፣ ሩቅ ሩቁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2025ን የኳንተም ሳይንስ ዓመት ሲለው እኛም ኳንተም ኮምፒውተር እያልን አወራን። ጣሊያን ውስጥ ኤትና የሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የኳንተም መሣሪያ ተተክሎ ሲሠራ ነበር። የቀዘቀዙ የሩቢዲየም አተሞች ሲወድቁ እየለካ፣ ከተራራው ሥር ማግማ ሲንቀሳቀስ የስበትን ጥቃቅን ለውጥ ይይዛል። እሱ ውድ ነው፣ አሁን ስጡን አልልም።

የምጓጓለት ሌላ ነው። አይስላንድ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የቴሌኮም ፋይበር (ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት ገመድ) አንድ ጫፉ ላይ መሣሪያ ገጠሙበት። መሣሪያው የሌዘር ብርሃን ይልካል። መስታወቱ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን እንከኖች ትንሽ ብርሃን ወደ ኋላ ይመለሳል። መሬቱ ገመዱን በጥቂቱም ቢሆን ከሳበው የተመለሰው ብርሃን ይለወጣል። ገመዱ በሙሉ፣ በየጥቂት ሜትሩ፣ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ እዚያ ያለው እሳተ ገሞራ ከመፈንዳቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ቀድመው ምልክቱን ማየት ችለዋል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ትኩስ ነገር ነው። እኛም ከተማ ሥር ፋይበር ተቀብሯል። ቴሌን፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲንና የአዲስ አበባዎቹን ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከእናንተ ሌላ የማን ሥራ ነው?

ከዚያ በፊት ግን ቀላሉን። ለትምህርት ቤት የሚሆኑ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ አነስተኛ መለኪያዎች አሉ። በሌሎች አገሮች ተማሪዎች ይጠቀሙባቸዋል። ከአዳማ፣ ከመተሐራ፣ ከሞጆ፣ ከዝዋይና ከሐዋሳ አንድ አንድ ትምህርት ቤት ይሰጠው።

ጥቅሙን ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። መንቀጥቀጥ ሲነሣ ፈጣኑ ሞገድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወዝወዝ የሚያደርገው ኋላ ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ብታባዙት ርቀቱን በግምት በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 12 ሰከንድ ከሆነ 96፤ ፈንታሌ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስሠራ፣ ሌላ ጊዜ ከዴስክ ሥር ስልክ የሚነካኩት የኋላ ወንበር ልጆች «ቲቸር፣ የሌሊቱ ስንት ሰከንድ ነበር?» አሉኝ። አልተለካም። ምን ልበላቸው?

በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ፊዚክስን ከነፎርሙላው ሸምድዶ፣ የቬርኒየር ካሊፐሩን (ጥቃቅን ርዝመት የሚለካበትን መሣሪያ) ሥዕል ብቻ አይቶ የሚፈተን ልጅ ብዙ ነው። ዕቃው ስቶር ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ያለበት ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።

ከከተማው በላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማማዎች በመጀመሪያ 51፣ ቀጥሎም 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት የአዳማ ነፋስ ተለክቶ ስለታወቀ ነው። ከእግራችን ሥር ያለውም ይለካ።

የእኛ ትምህርት ቤት ምድር ቤቱ ላይ የሲሚንቶ ወለል ያላት ትንሽ ክፍል አለች። ዋይፋይ አለ፣ ይቆራረጣል እንጂ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ያስፈልገናል። መሣሪያውን የሚከታተል ክበብ ለማቋቋም ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ባልደረቦች አሉኝ። መልሳችሁን በከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ብትልኩልን ይደርሰናል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአዳማ የፊዚክስ መምህር